ሰርቨር ሩም ውስጥ ጥገና ሲኖር

ሰርቨር ሩም፣ ማለትም የድርጅቱ ዋና ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) ያሉበት ክፍል ውስጥ፣ ማሽን ድንገት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ኤሲ ሊጠግን የመጣው ሰው መሰላሉን ሲያዞር ገመድ ነቅሎ ይሆናል። ወይ ኤሌክትሪሺያኑ "ይቺ ትርፍ ናት" ብሎ ብሬከር አውርዷል። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ሩም ስረከብ ሥራዬን የጀመርኩት ከገመዶቹ ነው።

ሰርቨሮቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ኃይል መቀበያ) አላቸው፤ አንዱ መስመር ቢጠፋ በሌላው እንዲቀጥሉ። ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ፣ ከራኩ፣ ኋላ ገብቼ በባትሪ እያበራሁ ገመዶቹን ስከተል ግን፣ የአንዳንዶቹ ሁለቱም ገመድ የተሰካው አንድ ዲቫይደር ላይ ነው። መብራታቸው ሁለቱም አረንጓዴ ነው፣ ማን ይጠረጥራል? አንዱን መስመር በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ ቴፕ ለየሁ፤ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ። ጭነቱንም አየሁ። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆዩት) እያንዳንዳቸው የአቅማቸውን 60 በመቶ ከተሸከሙ፣ አንዱ ሲጠፋ የቀረው 120 ይመጣበታል፤ አይችለውም። ሁለቱንም ከ40 በታች አወረድኳቸው።

ከዚያ ቅዳሜ ማታ፣ ባክአፕ ተወስዶ፣ ሰማያዊው ብቻውን ይችል እንደሆነ ለማየት ቀዩን መስመር ሆን ብለን አጠፋነው። አለቃዬ "ደህና የሚሠራውን ለምን ትነካለህ?" ብለውኝ ነበር። በእኛ አገር መብራት ሳያስፈቅድ እንደሚሄድ ሳስታውሳቸው ስቀው ፈረሙ።

ግድግዳ የሚበሳ ድሪል ካለ ሌላ ጣጣ አለ። አቧራው የጭስ ጠቋሚውን ያሳስተውና የእሳት ማጥፊያ ጋዙ ሊለቀቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቡካሬስት ውስጥ የአይኤንጂ ባንክ ዳታ ሴንተር የእሳት ማጥፊያውን ሲሞክር፣ ጋዙ ሲወጣ ያሰማው ኃይለኛ ድምፅ ሃርድ ዲስኮችን ጎድቶ የባንኩ ካርዶች ለሰዓታት አልሠሩም። እሳት እንኳ ሳይነሳ! እኔ ድሪል ከመነሳቱ በፊት ጋዙ በራሱ እንዳይለቀቅ የእሳት ማጥፊያውን ሲስተም ወደ ማንዋል አዞራለሁ። ማን እንደሚመልሰው በስም ይጻፋል፤ ያ ሰው ሳይመልስ ወደ ቤቱ አይሄድም።

በሩ አጠገብ ደግሞ የክፍሉን ኃይል የሚያቋርጥ ቀይ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ አለ። የበር መክፈቻ መስሎት የሚጫነው እንግዳ አይጠፋም። ክዳን አስገጠምኩለት።

የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ደግሞ "ልጄ፣ ይሄን የት ልሰካው?" ብለው ቫኪዩሙን አሳዩኝ። እሳቸው ጠየቁ እንጂ ሌላው ያገኘው ላይ ይሰካል። የቫኪዩም ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ብሬከር ሊጥል ይችላል። ከዩፒኤስ ውጭ የሆነ ሶኬት ግድግዳው ላይ አስገጥሜ "ለጽዳት" ብዬ ጻፍኩበት።

ሰርቨር የሚነቀል ከሆነ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየውን መለያ መብራቱን መጀመሪያ ከሲስተሙ አበራለሁ። ራኩ ጋ የቆመው ሰው ሰማያዊውን መብራት አይቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ከዚያ ይነቅላል።

አሁንም የሚያስቸግረኝ "ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው" ብሎ የሚመጣው ነው። ምን እንደሚነካ ጽፎ ካልፈረመ አላስገባውም፤ ሲገባም አብሬው እቆማለሁ። ነገረኛ ነው ይሉኛል አሉ። ይበሉ።