ጫጩት ከእጅ ማላመድ፦ ነገሩ ሁሉ እጁ ከየት መጣ ነው

በዚህ ዙር ከገቡት 25 የአንድ ቀን ጫጩቶች 19ኙ በ12ኛው ቀን መዳፍ ላይ ወጥተው መኖ ለቀሙ። ባለፈው ዙር በሦስተኛው ሳምንት እንኳ ካርቶኑ ሲከፈት ጥግ ላይ ይደራረቡ ነበር። ዝርያው ያው ቦቫንስ ብራውን፣ መኖውም ያው ነው። የተለወጠው የካርቶኑ በር ብቻ ነው።

ሙቀቱን በአጭሩ ልለፈው። ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው ከ4 ሰዓት በፊት አምፖሉን አብሩት፣ ወለሉም ይሙቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባቸው ከፍታ ላይ 33 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነሳችሁ ሂዱ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አምፖሉ ስር ታጭቀው በቀጭኑ ከጮኹ በርዷቸዋል፣ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። አምፖሉ መሃል ሳይሆን አንድ ጫፍ ላይ ይሰቀል፣ የሚስማማቸውን ቦታ ራሳቸው እንዲመርጡ። መብራት ሲጠፋ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ከሰል ዝግ ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን በፍጹም አይሆንም። ጭሱ ቢያልቅም መርዛማው ጋዝ አያልቅም፣ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

እንደደረሱ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ (በሊትር 50 ግራም ስኳር)፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ የጫጩት መኖ ይቅረብ። ውሃው ጥልቀት የሌለው ዕቃ ላይ ይሁን፣ ጠጠርም ጣል አድርጉበት፣ አለዚያ ይሰምጣሉ። ማታ ሦስት አራቱን አንስታችሁ አንገታቸው ስር ያለውን የመኖ ከረጢት ዳስሱ። ሞልቶ ለስለስ ካለ በልተዋል፣ ጠጥተዋልም፤ ጠጣር ከሆነ ውሃውን አላገኙትም። ከዚህ ውጪ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ማንም አይንካቸው።

አሁን ወደ ዋናው። ጫጩት እናቱን ሳያይ ቢያድግም ድንገት ከላይ የሚወርድን ነገር ይሸሻል። ክዳኑን ከፍታችሁ እጃችሁን ወደ ታች በላካችሁ ቁጥር ለእሱ ጭልፊት ነው የወረደበት። ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሮጣሉ፣ ከስር የቀረው ይታፈናል። ጥጎቹን በካርቶን ቁራጭ ክብ ማድረግ መታፈኑን ይቀንሳል፣ ፍርሃቱን ግን አይነካውም።

መፍትሔው የጎን በር ነው። በካርቶኑ አንድ ጎን ወርዱ 25፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡ። ከወለሉ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቅር፣ ጭዱም ጫጩቱም እንዳይወጣ። መስኮቱን በሚከፈትና በሚዘጋ ወንፊት ሽቦ ዝጉት። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ፊታችሁን ከጎን በዓይናቸው ልክ ሲያዩት በየቀኑ ይለምዱታል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልተገኘም፣ ወጪውም አንድ ምላጭና ክንድ የማይሞላ ሽቦ ነው።

በሁለተኛው ቀን እጃችሁን በመስኮቱ አስገብታችሁ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወለሉ ላይ አስተኙት። አምስት ደቂቃ፣ በቀን አራት ጊዜ። ጣት አይንቀሳቀስ። ጥፍራችሁን መንቆር ይጀምራሉ፣ ተዉአቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን መኖውን (ውሃውን አይደለም) ከ20 ደቂቃ በፊት አውጥታችሁ መዳፋችሁ ላይ በትኑ፣ በሌላኛው እጅ ጣት ደግሞ ወለሉን መታ መታ አድርጉ። እናት ዶሮ ጥሬ ስታገኝ መሬቱን ደጋግማ እየነቆረች ነው ልጆቿን የምትጠራው፤ ጣቱም የሚሠራው ለዚህ ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ የተቀቀለ አስኳል ፍርፋሪ ጨምሩ። ለ25 ጫጩት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ከበዛ መኖውን ይንቁታል።

ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጫጩቱ መጀመሪያ መዳፍ ላይ ሲወጣ ጣት መክደን ያጓጓል። አትክደኑ። ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ካደረጋችሁ የአራት ቀን ሥራ ይፈርሳል፣ ያየው ሌላውም አብሮ ይሸሻል። ወጥቶ ይውረድ። በሰባተኛው ቀን ግድም መዳፉን ሁለት ሳንቲ ሜትር አንስታችሁ መልሱት። ስታሻሹት ከደረቱ ጀምሩ፣ ከጀርባው አይደለም፤ ጀርባ የጭልፊት መያዣ ነው።

«በየቀኑ አንድ በአንድ እየያዛችሁ አቆዩአቸው፣ ይለምዳሉ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ፀጥ ማለታቸው እውነት ነው፤ ግን መልመድና መደንዘዝ ይለያያሉ። የደነዘዘው እግሩ ተገትሮ፣ ገላው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይቀራል፤ ስትለቁት ተወርውሮ ይጠፋል። የለመደው ክብደቱን መዳፋችሁ ላይ ይጥላል፣ ጣቶቹ ጣታችሁን ጠምጠም ያደርጋሉ፣ የዓይኑ ቆብ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ጉሮሮው ውስጥም ቀጭን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል። ስትለቁትም አይሄድም።

ማንሳት ሲመጣ ሁለቱም እጆች ይሥሩ፣ እግሩ አይንጠልጠል። ደረቱን አትጭመቁ፤ ዶሮ የሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት እያንቀሳቀሰ ስለሆነ የልጅ እጅ ሳያስበው ያፍነዋል። ከሙቀቱ ውጭ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ከፊት ጋር ማስጠጋትም አይገባም፤ ጤነኛ የሚመስል ጫጩት ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ስትሰጡ ማታ በደብዛዛ ብርሃን ይሁን፣ ከተቻለም የሚይዘው የሚመግባቸው ሰው ባይሆን ይሻላል። ጠብታው ዓይን ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁት። ፊንጢጣው ላይ ኩስ የደረቀበት ካለ በለብታ ውሃ አርሳችሁ ጥረጉት፣ አትላጡት፤ ቆዳው ይነሳል። ያንን ቀን ከማላመዱ ይረፍ።

ያልተፈቱ ነገሮች አሉ። ቁጥሩ ከ50 ካለፈ ይህ ዘዴ ጊዜ አይበቃውም፤ የፊተኞቹ ይለምዳሉ፣ የኋለኞቹ ከጥግ አይወጡም። ነጭ እንቁላል ጣይ ዝርያዎች ከቡናማዎቹ ይልቅ ይበረግጋሉ፣ ለእነሱ ቀኑን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የቀሩት ስድስት ጫጩቶችም ከመዳፍ ይለቅማሉ እንጂ አይወጡም፤ ለብቻቸው ከሁለት ደፋሮች ጋር መለየቱ የሚረዳ ይመስላል፣ ከጀመርን ሦስት ቀን ሆኖናል። ከእናቷ ጋር ያለችው የሀበሻ ጫጩት ግን እስካሁን አልተቻለችም። እናቲቱ አንዴ ስታስጠነቅቅ ሁሉም ክንፏ ስር ይገባሉ። አሁን እየተሞከረ ያለው እናቲቱን ራሷን መጀመሪያ ከእጅ ማብላት ነው፤ ስንዴ ትወስዳለች፣ ልጆቿ ግን ገና ከኋላዋ ቆመው ነው የሚያዩት።