13 ሥዕሎቼ በጅማ ክረምት እንዴት እንደተበላሹ

ይህን የምጽፈው በጅማና በአካባቢዋ በሸራ ላይ ለሚሠሩ ወጣት ሠዓሊያን ነው። ሥራውን ስጀምር ስለ ቅንብር፣ ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለ ቀለም አደባለቅ የሚያስተምረኝ ሰው አላጣሁም፤ ሸራ ከጀርባው ሊሻግት እንደሚችል ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለኤግዚቢሽን ካስረከብኳቸው 17 ሥዕሎች 13ቱ ተበላሽተው ተመለሱልኝ። የሦስት ዓመት ድካሜ ነበሩ።

ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። ሥዕል የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አንጋፋ ሠዓሊ የግል ስቱዲዮ ለሁለት ዓመት ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት በከሰል እንነድፋለን፣ ከሰዓት በኋላ በዘይት ቀለም እንሠራለን። መምህሬን ዛሬም በአክብሮት ጋሼ እላቸዋለሁ። ሸራ ስናዘጋጅ ከከብት ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ቀብተን፣ ሲደርቅ ደግሞ በዚያው ሙጫ የተለወሰ ጀሶ በስሱ እንደርብበት ነበር። ጋሼ ይህንን ዘዴ የሚወዱት የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ገበታቸውን በሙጫና በጀሶ ስላዘጋጁና ሥራቸውም በደጋው አገር ለዘመናት ስለቆየ ነው። እኔም የተማርኩትን ሳልጠይቅ ይዤ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ጅማ ግን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዝናቧ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ፣ በዓመትም ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከተማ ናት። የቆዳ ሙጫ ደግሞ ደርቆም ቢሆን ከአየር እርጥበት መሳቡን አይተውም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ከላዩ ያለው የዘይት ቀለም ግን እየደረቀ ሲሄድ ስለሚገርር አብሮት ሊሳብና ሊሰበሰብ አይችልም። ከዚህም በላይ ሙጫው ለሻጋታ ምግብ ነው። ይህ ሁሉ የመጻሕፍት እውቀት በእጄ የገባው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ሥዕሎቹን የሠራሁት ጅማ ውስጥ በሂርማታ አካባቢ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። አቡጀዲ ከገበያ ገዛሁ፣ ፍሬሙን አናጺ ሠራልኝ፣ ሸራውን ራሴ ወጠርኩ። የመጨረሻዎቹ አራት ሸራዎች ላይ ስደርስ ሙጫዬ ስላለቀብኝ፣ አዲስ አበባ የነበረ ጓደኛዬ የላከልኝን የአክሪሊክ መነሻ ቀለም (በውሃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን) ቀባኋቸው። ያን ጊዜ ይህ ልዩነት ምንም ነገር የሚወስን አልመሰለኝም።

ኤግዚቢሽኑ መስከረም መጀመሪያ ላይ እንዲከፈት ተወስኖ ነበር። አዳራሹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በሰጠኝ መመሪያ መሠረት ሥራዎቹን 45 ቀን ቀደም ብዬ ማስረከብ፣ እያንዳንዱንም በፕላስቲክ ጠቅልዬ በፕላስተር ማሸግ ነበረብኝ። ዝናብ እየዘነበ በሐምሌ አጋማሽ 17ቱንም አሽጌ አስረከብኩ። የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን መስኮት የለውም፤ ሥዕሎቹን አንዱን በሌላው ላይ አስደግፈው መሬት ላይ ደረደሯቸው። ከሥራቸው ጣውላ እንዲደረግ ስጠይቅ የንብረት ክፍሉ ሰው «መመሪያው ላይ የለም» አሉኝ፤ እኔም ጣውላውን ገዝቼ ላምጣ ማለት ስችል ዝም ብዬ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ልቤ አላርፍ ስላለኝ ሥዕሎቹን ለማየት ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን ጽፌ ስመለስ የሚፈርሙት ኃላፊ ለስብሰባ ወጥተዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ የታሸገ ንብረት ከመክፈቻው ቀን በፊት አይፈታም የሚል መልስ ተሰጠኝ። ከዚያ የመክፈቻው ቀን ወደ መስከረም መጨረሻ፣ ቀጥሎም ወደ ጥቅምት መጨረሻ ተላለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን የሰማሁት ከጥበቃው ነው። አንድ ሰው የሦስት ዓመት ሥራውን አስረክቦ ለሦስት ወር ያህል ዞር ብሎ እንዳያይ መከልከሉን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን እኔ በሦስተኛው ጊዜ ተስፋ ቆርጬ አራተኛ ጊዜ አለመሄዴ ነው።

የመጀመሪያውን ጥቅል ስፈታ ከሥዕሉ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ፕላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ አዝሏል። በዝናብ ቀን ስላሸግሁት እርጥበቱን ከነአየሩ አብሬ አሽጌው ነበር፤ ሌሊት በቀዘቀዘ ቁጥር ውሃ ሆኖ ሸራው ላይ ሲወርድ ከርሟል። ጀርባው በነጭና በአረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኗል፤ ፊቱ ላይ ቀለሙ ከግርጌ እያበጠ ተነሥቷል፤ በጣቴ ስነካው ጀሶውን ይዞ ረገፈ። የእናቴን ፊት የሣልኩበት ሥዕል ከአገጯ በታች የለም። በሙጫ የተዘጋጁት 13ቱም ተጎድተዋል፤ ከእነዚህም ስድስቱ ፈጽሞ አይድኑም። በአክሪሊክ የተዘጋጁት አራቱ ግን በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ከርመው ከጀርባቸው ጥቂት ነጠብጣብ በስተቀር ምንም አልሆኑም።

የንብረት ክፍሉ ሰው «ሲመጡም እንዲሁ ነበሩ» አሉኝ። ከዚያም ሥራዎቹን በሙሉ ደኅንነት መረከቤን የሚገልጽ ቅጽ አቀረቡልኝ፤ ሳልፈርም ይዤ መውጣት እንደማልችልም ነገሩኝ። ፈረምኩ። ሥዕሎቼን ከዚያ ክፍል ማውጣት እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር። ከሳምንት በኋላ አቤቱታ ሳቀርብ የገዛ ፊርማዬን አሳዩኝ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ስለዚህ የትም ቦታ ሥራ ስታስረክቡ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡ፤ ያለበትን ሁኔታ በቅጹ ላይ በእጃችሁ ጻፉና ቅጂ ያዙ። ስትረከቡም ጉዳቱን ከፊርማችሁ በላይ አስፍሩ፤ ይህን ካልፈቀዱላችሁ ምስክር ጥሩ እንጂ እንደ እኔ አትፈርሙ።

ቤት ከደረስኩ በኋላ የሠራሁት ደግሞ ከመጋዘኑ የባሰ ጥፋት ነው። እርጥቦቹን ሸራዎች ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙጫው በድንገት ተኮማትሮ፣ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ተቀለበሰ። የሁለቱን ጀርባ በበረኪና ጠረግሁ፤ ሻጋታው ነጣ፣ ጥጡ ግን ሳስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሚስማሩ ላይ ተቀደደ። ማድረግ የነበረብኝ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አቁሜ ለቀናት ቀስ ብለው እንዲደርቁ መተው፣ ሻጋታውንም ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በለስላሳ ብሩሽ ደጅ ማራገፍ ነበር። ምናልባት ሦስት አራቱ ይተርፉ ነበር።

አሁን አቡጀዲውን ከመወጠሬ በፊት በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበዋለሁ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተነከረበት ስታርች ራሱ ሻጋታ ስለሚጠራ ነው። የቆዳ ሙጫ ጅማ ውስጥ አልነካም። ከፊትም ከጀርባም አክሪሊክ እቀባለሁ። ብዙዎች በርካሽ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም እንድንተካው ይመክራሉ፤ ለልምምድ ይሁን፣ ለሚቆይ ሥራ ግን አልቀበለውም፤ ለማብዛት የሚጨመረው ዱቄት በዝቶ ማጣበቂያው ስለሚያንስ ውሎ አድሮ ይፈረፈራል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ነውና በቀዝቃዛው ክረምት ስለሚዘገይብኝ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሥሩን፣ ማለትም የታችኛውን የቀለም ንብርብር፣ በአክሪሊክ ሠርቼ ዘይቱን ለበጋ አቆያለሁ። ፕላስቲክ ጠቅልሉ የሚል መመሪያ ሲሰጠኝ ለመንገድ ብቻ እጠቀልላለሁ፤ ለማስቀመጥ ግን በታጠበ የጥጥ ጨርቅ እሸፍናለሁ፣ ለዚህም ከአንድ አዳራሽ ጋር ተከራክሬ ሥራዬን ይዤ ተመልሻለሁ።

ከጥፋቱ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ሸራ መወጠር አልቻልኩም። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ እየወጣሁ በእርሳስ ብቻ እነድፍ ነበር። አሁን የምሠራው ሁሉ ከዚያ ዓመት የመጣ ነው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የሣላቸውን የገበያ ሴቶች ከዚያ በፊት አደንቃቸው ነበር፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ስውል ግን ሠዓሊው ሴቶቹን ለምን እንደ ምሰሶ እንዳቆማቸው ገባኝ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የሚጠርቡትን አዛውንቶችም የዚያን ዓመት ነው በቅርብ ያየኋቸው፤ በርጩማው ከአንድ ግንድ ስለሚወጣ ሚስማርም ኮላም የለውም፣ ስለዚህም ክረምት የሚያላቅቀው መጋጠሚያ የለውም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ደጋግሜ ወጣሁ። ከእንጨት የተሠራው ሰገነት በዚህ ሁሉ ዝናብ መካከል እንዴት እንደቆየ ስመለከት፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ርቆ የወጣ፣ ዙሪያውም ለነፋስ የተከፈተ መሆኑን አስተዋልኩ። ሥዕሎቼን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቄ፣ ከመሬት አንሥቼ፣ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥቼ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ስመለስ ነው።

ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ሰበዞች ላይ መሥራታቸውም ሸራ ግዴታ እንዳልሆነ አስታወሰኝና፣ ዛሬ ግማሹን ሥራዬን በደረቀ የዋንዛ ጣውላ ላይ እሠራለሁ። አረንጓዴውን ከቱቦ አልጨምቀውም፤ ቢጫን ከጥቁር ጋር ስደባልቅ የሚወጣው ድፍርስ አረንጓዴ በዛፍ ጥላ ሥር ካለው የቡና ቅጠል ጋር ይቀርባል።

አሁን አራት የዋንዛ ጣውላዎች ላይ ጅማን አቋርጦ የሚያልፈውን የአዌቱን ወንዝ የክረምት ገጽታ እየሣልኩ ነው። የአክሪሊኩን ሥር ጨርሻለሁ፤ ዘይቱን የምጀምረው ኅዳር ላይ ነው። የእናቴ ሥዕል ከቀረው ግማሽ ጋር በስተቀኝ ተሰቅሏል፤ ከአገጯ በታች ያለውን አልሞላሁትም።