የጥቅማጥቅም ወጪ ከእጅ የሚያመልጠው የት ላይ ነው?

በኮምቦልቻና በደሴ ለሚገኙ መካከለኛ ድርጅቶች የደመወዝ መዝገብ ስሠራ ከአሠሪዎች ዘወትር የምሰማው ስሞታ ተመሳሳይ ነው፤ ያስጨነቃቸው ደመወዙ ሳይሆን በደመወዙ ላይ የሚደረበው ወጪ ነው። ስሞታው እውነት አለው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትና የመኪና መለዋወጫ ዋጋ ንሯል፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተዘረፉት ድርጅቶች ደግሞ ይህንን ጭማሪ የተቀበሉት ካዝናቸው ሳስቶ ሳለ ነው። ሆኖም ብዙ አሠሪ ወጪ ልቀንስ ብሎ ሲነሣ ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው ሕግ በሚያስገድደው ክፍል ላይ ነው። እኔ ከመዝገቡ የማየው ግን ሌላ ነው፤ ገንዘቡ የሚያመልጠው በገዛ ፈቃዳችን በምንሰጠው፣ ጣሪያም ደንብም ባላበጀንለት ክፍል ነው።

በሕግ የተወሰነው አስቀድሞ ይታወቃል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው ከመሠረታዊ ደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ወር ደመወዙ 8,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 880 ብር ነው፤ ፈቃዱም ወሩን በ26 የሥራ ቀን አስልተን ለአሥራ ሁለት ወር ስናካፍለው በወር 410 ብር ገደማ ይሆናል። ደመወዝ ካልጨመረ በቀር እነዚህ በአንድ ጊዜ አይዘሉም። አደጋ ያለበት የተጠራቀመ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይተላለፍና ሠራተኛው ሥራ ካልለቀቀ በቀር በገንዘብ እንዳይለወጥ ሕጉ ይከለክላል፤ ሥራ በዝቷል እየተባለ ፈቃድ ሲገፋ ግን ትናንት በትንሽ ደመወዝ የተገኘው ቀን ሠራተኛው ሲሰናበት በዛሬው ደመወዝ ይከፈላል። ስለዚህ ፈቃድን በጊዜው ማስወጣት ለሠራተኛው ዕረፍት፣ ለድርጅቱም ከዕዳ መዳኛ ነው።

ስለ ወሊድ ፈቃድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ክፍያው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ላይ የወደቀ ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ለሆኑበት የልብስ ስፌት ድርጅት ይህ ከባድ ነው፤ መፍትሔው ግን ሴት አለመቅጠር አይደለም። እንዲህ የሚያስብ አሠሪ ሲያጋጥመኝ በግልጽ እቃወመዋለሁ። ሸክሙ ሁሉም አሠሪ ከሚያዋጣበት አንድ የጋራ ቋት ቢሸፈን ሴት የሚቀጥረው ድርጅት ለብቻው ባልተቀጣ ነበር።

ዋናው የወጪ ቀዳዳ ሕክምና ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በአሠሪውና በሠራተኛው የ3 በመቶ መዋጮ እንዲሠራ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል በመቆየቱ፣ የመደበኛው ዘርፍ አሠሪ የራሱን መላ እየመታ ኖሯል። መላውም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ በየወሩ ቁርጥ ያለ የሕክምና አበል በጥሬ ገንዘብ መስጠት፣ ወይም ከአንድ ክሊኒክ ጋር የዱቤ ሕክምና ውል መግባት።

አበሉን አልመክርም። በገቢ ግብር ሕጉ አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ትክክለኛ ወጪ ከግብር ነፃ ነው፤ ሕክምና ተብሎ በየወሩ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ግን እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው ማስከፈያ፣ 8,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በላዩ 1,000 ብር አበል ቢጨመርለት 250 ብሩ ለግብር ይሄዳል። ያው 1,000 ብር በደረሰኝ ለታከመበት ቢከፈል ግን ሳይሸራረፍ ይደርሰዋል፤ ያልታመመው ሠራተኛ ድርሻም ለታመመው ይተርፋል።

የዱቤው ውል የተሻለ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ያየኋቸው ውሎች የዋጋ ዝርዝር የላቸውም። ክሊኒኩ በወር መጨረሻ ሒሳብ ይልካል፣ ድርጅቱ ይከፍላል፣ የትኛው ምርመራ ለምን እንደታዘዘ የሚጠይቅ የለም። ከመፈረም በፊት የካርድ፣ የላቦራቶሪና የአልትራሳውንድ ዋጋ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል፤ ዋጋ የሚጨመር ከሆነም አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጥ በውሉ ይግባ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ዓመታዊ ጣሪያ ማበጀትና ከሒሳቡ ጥቂት እጅ፣ ለምሳሌ አምስተኛውን፣ ሠራተኛው እንዲሸፍን ማድረግም ያለ አግባብ የሚወጣውን ይገታል። ከሥራ ጋር የተያያዘ ጉዳት በአሠሪው ኃላፊነት ሥር ስለሆነ ከዚህ ጣሪያ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

የወላጆች ሕመም ሌላው የወጪ ምንጭ ነው። ሠራተኛው የደመወዝ ብድር የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ገጠር ያለች እናቱ ስትታመም ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ደመወዝተኛው ራሱ በዚህ መድን ባይታቀፍም ገጠር ያሉት ወላጆቹ መታቀፍ ይችላሉ፤ ድርጅቱ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮአቸውን ቢያግዝ በየወሩ ከሚጠየቀው ብድር እጅግ የቀለለ ይሆናል።

ስለ ሰርቪስ ብዙ አልልም፤ የተበታተነ መስመር ማጠፍና ጎረቤት ድርጅቶች አንድ አውቶቡስ በጋራ እንዲኮናተሩ ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የትኛውም ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ በማስታወቂያ ብቻ ቢወጣ አይጸናም። በኅብረት ስምምነት የተያዘ ጥቅም ደግሞ በአሠሪው ፍላጎት ብቻ ሊቀነስ አይችልም። በቅሬ፣ ማለትም በወሎ ዕድር፣ ውስጥ ያደገ የወሎ ሰው መዋጮ፣ ደንብና ጣሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሒሳቡን ማየት ነው። ያለፈው ዓመት የሕክምና ወጪ የታካሚዎች ስም ሳይጠቀስ በጠቅላላ ተዘርዝሮ ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ለተመረጠ ኮሚቴ ይቅረብ፣ ገንዘቡም ይህን ያህል ነው ተብሎ ይነገር፤ ጣሪያውን እነርሱ ሲወስኑት አፈጻጸሙንም እነርሱ ይጠብቁታል። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅቶች የክሊኒኩን የዋጋ ዝርዝር በሚያዝያ ቢጠይቁ፣ ኮሚቴው ከሌሎች ክሊኒኮች ጋር አወዳድሮ በሰኔ ለሚፈረመው ውል በቂ ጊዜ ይኖረዋል።