የገና አባት ይጾማል?

አሜሪካ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ሁለት ገና አለው፤ ዲሴምበር 25 የትምህርት ቤቱና የጎረቤቱ፣ ታኅሣሥ 29 የቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ። የገና አባት በመጀመሪያው፣ በዲሴምበር 25 ገና፣ ብቻ ይወሰን። ድንበሩ ከተደበላለቀ፣ ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ሲሞላው «ለካ እናንተ ናችሁ!» ባለ ቀን የክርስቶስን ልደትም አብሮ ሊጠረጥር ይችላል። የታኅሣሥ 29 ልብስና ስጦታ በእናትና በአባት ስም ይሰጥ።

ጣጣው ልጆች ማታ ለገና አባት በሚያስቀምጡት ብስኩትና ወተት ላይ ነው። ዲሴምበር 24 የነቢያት ጾም ስላልተፈታ ሳህኑን ማን ባዶ ያድርገው? የአጃ ወተትና ያለ ቅቤና እንቁላል የተጋገረ ብስኩት ይቅረብ። ሙሉውን አትጨርሱት፤ የተገመጠ ግማሽና ትንሽ ፍርፋሪ ይበልጥ ያሳምናል። የተረፈውን ወጥ ቤት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጣለ ወላጅ ጠዋት ይያዛል።

ለገና አባት ዱካ ልጁ የማያውቀውን ትልቅ ቡትስ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ ዙሪያውን በሻይ ማጥለያ ቤኪንግ ሶዳ ንፉበትና ጫማውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ለአንድ ዱካ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ዱቄት አይሁን፤ እርጥበት ካገኘው ምንጣፍ ላይ ሊጥ ሆኖ ይጣበቃል።

ምስጢሩን ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው የመጠቅለያ ወረቀት ነው። የገና አባት ወረቀት ለብቻው ይገዛ፤ ትርፉ ከመኪናው ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይደበቅ። የዋጋ ምልክቱን ላጡ፣ ስሙን በግራ እጅ ጻፉ። ልጁ የሚጫወትበት ታብሌት ላይ «ዕቃዎ ደርሷል» የሚል መልእክት እንዳይመጣም ከገዛችሁበት አካውንት ታብሌቱ ላይ ውጡ። ውዱን ስጦታ ደግሞ እናንተ ስጡ፤ የገና አባት ለአንዱ ታብሌት፣ ለሌላው ካልሲ ካመጣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ይነሳል።

የአሜሪካና የካናዳ የጋራ አየር መከላከያ እዝ የሆነው ኖራድ በዲሴምበር 24 የገና አባትን ጉዞ በካርታ ያሳያል፤ ልማዱ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው። ዋሽንግተን በአሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ 4 ሲሆን አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ «አያቴ ጋ ደረሰ?» ለሚል ልጅ መልሱ ቀላል ነው።

«ካላረፍክ አያመጣልህም» ማለት ግን ያው «ጅቦ መጣ» ነው። ስጦታው ለማንኛውም መምጣቱ ስለማይቀር፣ ማስፈራሪያው በጠዋት ይከሽፋል።

«እውነት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» በሉት። በሌላ ቀን ኮስተር ብሎ ከደገመው እውነቱ ይነገረው፤ ትምህርት ቤት እንዳያወራ አደራ በሉት። በዓመቱ ለታናሹ ሶዳውን የሚነፋው እሱ ይሁን።