ስህተት ቁጥር 517ን የዋጠው ድራይቨር

ቦርዱ ሊኑክስ ይጭናል፣ ስክሪኑ ይበራል፤ ንክኪው ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ይስተካከላል። በከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ላይ የሚገኘው ፍንጭ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ንክኪውን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም የንክኪ ድራይቨሩ፣ ፕሮብ (መሣሪያውን አግኝቶ ሥራ የሚያስጀምርበት እርምጃ) በስህተት ቁጥር 22 ከሽፏል። 22 «የተሰጠኝ እሴት ልክ አይደለም» ማለት ስለሆነ የሁሉም ዓይን ዲቫይስ ትሪው ላይ፣ ማለትም የቦርዱን መሣሪያዎች ለከርነሉ በሚዘረዝረው ፋይል ላይ፣ አረፈ። እዚያ ግን የተሳሳተ እሴት አልነበረም።

የመሣሪያዎቹ ትስስር እንዲህ ነው። የንክኪ ቺፑ በአንደኛው አይ-ቱ-ሲ ባስ (ቺፖች የሚነጋገሩበት መስመር) ላይ ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከፓወር ማኔጅመንት ቺፑ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) ነው። የሪሴት ፒኑን የሚያዘው ደግሞ በሦስተኛው ባስ ላይ ያለ የጂፒአይኦ ኤክስፓንደር (ተጨማሪ የመቆጣጠሪያ ፒኖችን የሚሰጥ ቺፕ) ነው። ንክኪው ተጠቃሚ፣ ሁለቱ አቅራቢዎች ናቸው። የባሶቹ ድራይቨሮች ፕሮብ በአሲንክሮነስ መንገድ (ተራ ሳይጠብቅ፣ ጎን ለጎን) ስለሚሄድ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በእያንዳንዱ ማስነሻ ይለያያል።

የመጀመሪያው ሙከራ የንክኪ ድራይቨሩን መመዝገቢያ ወደ መጨረሻው የኢኒትኮል (ከርነሉ ሲነሣ በየደረጃው የሚጠሩ ማስጀመሪያዎች) ደረጃ መግፋት ነበር። ችግሩ የጠፋ መሰለ። የፓወር ቺፑ ድራይቨር ሞጁል (ከከርነሉ ተለይቶ የሚጫን ክፍል) ሆኖ ከፋይል ሲስተም መጫን ሲጀምር ግን ተመልሶ መጣ፤ ሞጁል የሚጫነው ኢኒትኮሎች ሁሉ ካለቁ በኋላ ነውና። ቀጥሎ ፕሮቡ ውስጥ የ2 ሰከንድ እንቅልፍ ተጨመረ። ይህ የባሰ ነው። ፕሮብ በተራ በሚሄድበት አሠራር የተኛው ፕሮብ ከኋላው ተራ የሚጠብቀውን አቅራቢ አብሮ ያስቆመዋል፤ ስለዚህ የሚጠበቀው ነገር በእነዚያ 2 ሰከንዶች ውስጥ በፍጹም ሊመጣ አይችልም። በአሲንክሮነስ ከሆነ ደግሞ የመሳካት ዕድሉን ከፍ ከማድረግ በቀር የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ትክክለኛው መፍትሔ ከርነሉ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ አለ፦ ዲፈርድ ፕሮብ። አቅራቢው ገና ካልተነሣ ሬጉሌተር የሚጠይቀው ፈንክሽን ስህተት ቁጥር 517ን ይመልሳል። ትርጉሙ «አሁን አይደለም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው። ድራይቨሩ ይህንኑ ቁጥር ሳይነካ ከፕሮቡ ከመለሰ ከርነሉ መሣሪያውን በተጠባባቂ ዝርዝር ያስገባዋል፤ ሌላ መሣሪያ ከድራይቨሩ ጋር በተሳካ ቁጥርም ዝርዝሩን እንደገና ይሞክራል። ይህ ድራይቨር ግን ሬጉሌተሩን ሲጠይቅ የመጣለትን ማንኛውንም ስህተት ወደ 22 ይቀይር ነበር። ለከርነሉ 22 የመጨረሻ ውድቀት ነው፤ ስለዚህ ዳግም አይሞክርም።

የሪሴት ፒኑ ኮድ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነበር፣ ምክንያቱም ስህተት እንኳ አያሳይም። ፒኑን ጠይቆ ማንኛውም የስህተት ቁጥር ከመጣ «ይህ ቦርድ ሪሴት የለውም» ብሎ ያልፋል። ኤክስፓንደሩ ሲዘገይ 517 ይመጣል፣ ድራይቨሩ ሪሴት ሳያደርግ ይቀጥላል፣ ፕሮቡ «ተሳካ» ይላል፤ ቺፑ ግን በግማሽ ተነሥቶ ይቀራል። ሎጉ ንጹሕ ሆኖ ንክኪው የማይሠራባቸው ጊዜያት ምስጢር ይህ ነበር።

እርማቱ የመጣውን የስህተት ቁጥር እንዳለ በመመለስ ተጀመረ። በከርነል 5.9 የገባው የፕሮብ ስህተት መመዝገቢያ ፈንክሽን ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ቁጥሩ 517 ሲሆን ሎጉን አያጨናንቅም፣ ምክንያቱን ግን ያስቀምጣል። ከርነሉ ውስጣዊ ሁኔታውን በሚያሳይበት በዲበግ ፋይል ሲስተም ውስጥ ያለውን የተጠባባቂ መሣሪያዎች ዝርዝር ሲከፍቱ ማን እንደቀረና ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጎን ለጎን ይነበባል። እንዲህ ዓይነት ችግር ሲያጋጥም መጀመሪያ መከፈት ያለበት ይህ ፋይል ነው።

ማስነሻው ተስተካከለ፤ ቦርዱ ከእንቅልፍ ሲነቃ ግን ንክኪው አሁንም አልፎ አልፎ ይሞት ነበር። ከርነሉ መሣሪያዎችን የሚያስተኛው ከተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ተቃራኒ፣ የሚቀሰቅሰው ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ፕሮቡ በተጠባባቂ ዝርዝር በኩል ያለፈ መሣሪያ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይዛወራል፤ በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካለት ግን ቦታው ላይ ይቆያል። አንደኛው ባስ ከሦስተኛው ቀድሞ በተመዘገበበት ማስነሻ ንክኪው ምንም ሳይጠብቅ ከተሳካለት፣ ሲነቃ ገና ተኝቶ ባለ ኤክስፓንደር በኩል ሪሴት ለማድረግ ይሞክራል። ለሬጉሌተሩ ይህ ችግር አልነበረም፤ የሬጉሌተር ክፍሉ ራሱ በተጠቃሚውና በአቅራቢው መካከል ዲቫይስ ሊንክ (ማን በማን ላይ እንደሚመካ ለከርነሉ የሚመዘግብ ትስስር) ስለሚያበጅ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል።

ከ5.13 ወዲህ ከርነሉ እነዚህን ሊንኮች ከዲቫይስ ትሪው አንብቦ በራሱ ይፈጥራል። ለምን እዚህ አልፈጠረም? የፒኑ መጠሪያ የአምራቹ የራሱ ስም ስለነበር። ከርነሉ የሚያውቀው መደበኛ አጠራርን፣ ለምሳሌ በ«ጂፒአይኦስ» የሚያልቅ ስምን ነው። መጠሪያው ወደ መደበኛው «ሪሴት-ጂፒአይኦስ» ሲቀየርና ድራይቨሩ ወደ አዲሱ የጂፒአይኦ ዴስክሪፕተር (የፒኑ መያዣ) አጠቃቀም ሲሸጋገር ሊንኩ ያለ ተጨማሪ ኮድ መጣ። በአማራጭ የሚጠይቀው ፈንክሽን ፒኑ ጨርሶ ካልተገለጸ ባዶ፣ ተገልጾ ገና ካልደረሰ 517 ይመልሳል፤ ሁለቱ ከእንግዲህ አይምታቱም።

በዚህ ሽግግር ላይ ብዙዎችን የሚጥል ነገር አለ። የቀድሞው ኮድ ሪሴት ለማድረግ ፒኑ ላይ 0 ይጽፋል። ዴስክሪፕተሩ ግን የሚቀበለው ትርጉሙን ነው፦ ዲቫይስ ትሪው ፒኑን በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ብሎ ከገለጸው 1 «ሪሴት አድርግ»፣ 0 «ልቀቅ» ማለት ነው። ኮዱ ሳይገለበጥ ከቀረ ቺፑ ሪሴት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ኤክስፓንደሩ አይ-ቱ-ሲ ላይ ስለሆነም መተኛት (መልስ እስኪመጣ መጠበቅ) የሚችለውን የመጻፊያ ፈንክሽን መጠቀም ግድ ነው።

ዲቫይስ ትሪያቸው ሊቀየር ለማይችል ቀድሞ ለተሰራጩ ቦርዶች ሊንኩ በእጅ ይፈጠራል፦ ኤክስፓንደሩ መገኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በንክኪው ፕሮብ ውስጥ፣ ተጠቃሚው ሲለቀቅ በራሱ በሚፈርስበት ምልክት። ፈንክሽኑ ባዶ ከመለሰ ሊንኩ አልተፈጠረም ማለት ነውና መፈተሽ አለበት፤ አንዱ ምክንያት ሊንኩ ክብ ጥገኝነት የሚፈጥር መሆኑ ነው።

ፍተሻው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎችን እንደ ፋይል የሚያሳይበት ቦታ) በኩል ኤክስፓንደሩን ከድራይቨሩ ማላቀቅ፤ ሊንኩ ካለ ከርነሉ ንክኪውን ቀድሞ ያላቅቃል። እዚህ ሌላ ስህተት ወጣ፦ ድራይቨሩ ሲወገድ ሬጉሌተሩን በእጁ ያጠፋል፣ በዴቭኤም (መሣሪያው ሲለቀቅ የያዘውን በራሱ በሚያስለቅቀው የከርነል አሠራር) የተያዘው ኢንተራፕት (የቺፑ የጥሪ ምልክት) ግን የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመካከል ኢንተራፕት ከመጣ ኤሌክትሪክ የሌለውን ቺፕ ለማንበብ ይሞከራል። ሬጉሌተሩን የማጥፋት ሥራ ከኢንተራፕቱ በፊት እንደ ዴቭኤም ድርጊት ሲመዘገብ፣ መለቀቁ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ስለሆነ ተስተካከለ።

ሁለተኛው የእንቅልፍ ፍተሻ ነው። የፓወር ማኔጅመንት መፈተሻ ፋይሉ ላይ «ዲቫይስስ» የሚለው ደረጃ ይጻፋል፤ ከዚያ ቦርዱ እንዲተኛ ሲታዘዝ መሣሪያዎቹ ብቻ ይተኛሉ፣ ከርነሉ 5 ሰከንድ ቆይቶ ይቀሰቅሳቸዋል። ፕሮሰሰሩ ስለማይተኛ በሲሪያል ኮንሶሉ ማን ከማን በፊት እንደነቃ መስመር በመስመር ማንበብ ይቻላል። ይህ በተደጋጋሚ፣ የፓወር ቺፑ ድራይቨር አንዴ ሞጁል አንዴ አብሮ የተገነባ እየተደረገ ሲሞከር፣ ኤክስፓንደሩ ሁልጊዜ ከንክኪው ቀድሞ ይነቃል።