ጠርሙሱን ሳልገለብጠው

ደሴ ውስጥ ሰኞ ማለት ገበያ ነው። ከዙሪያው የመጣው ሰው በጉን ሸጦ፣ ቅቤውን ሸጦ፣ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲያችንን ይሞላዋል። አንዱ የልጁን ማዘዣ ይዟል። አንዷ "ለወገብ የሚሆን" ትላለች። ሌላው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈውን የመድኃኒት ስም ያነባል። ያን ጊዜ በሙያው ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እጄ ፈጣን ነው፤ በፍጥነቴም እመሰገን ነበር።

እሷ የመጣችው እንዲህ ባለ ሰኞ ነው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት። ወረፋዋን ጠብቃ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች።

"ዶክተሬ፣ ይሄን እህቴ ከዓረብ አገር ላከችልኝ። ተፈጥሯዊ ቫይታሚን ነው አለች። የሐኪሙን ቢጫ ክኒን ኬሚካል ስለሆነ ተይው፣ በዚህ ተኪው ብላኛለች። ችግር ይኖረው ይሆን?"

ጠርሙሱን በእጄ ያዝኩት። ፊቱ ላይ ዓሣ ተስሏል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "ተፈጥሯዊ" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ከኋላዋ አንድ አባት "ኧረ ልጄ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው" ይላሉ።

"ምንም አይልሽም የኔ እህት፣ ተፈጥሯዊ ነው" አልኳት።

"አላህ ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከእኔ ጀርባ መደርደሪያ የሚያስተካክሉ አንድ አንጋፋ ፋርማሲስት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሰው ፊት ምንም አላሉኝም። ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሒሳብ ስንቆጥር ጠየቁኝ።

"ያቺ ባለ ጠርሙሷ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት?"

"አልጠየቅኳትም ጋሼ።"

"ቢጫ ክኒን ያለችው የቱን ነው?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ጠርሙሱን ገልብጠሽ ከኋላው አነበብሽው?"

ዝም አልኩ። አልተቆጡኝም። ወደ መደርደሪያው ሄደው አንድ ጥቅል ይዘው መጡና አንዲት ፍሬ ፈልቅቀው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ክብ፣ ቢጫ ክኒን። ፎሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊግራም።

ያን ጊዜ ነው ሆዴ የተላወሰው።

ለማንኛዋም እናት የሚሰጠው የፎሊክ አሲድ መጠን በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነችውን ቢጫዋን ሐኪም ለብቻ የሚያዝዘው ለተወሰኑ ሰዎች ነው። ከእነሱ መካከል ዋነኞቹ ከዚህ በፊት የህብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ የወለዱ ወይም ያጡ እናቶች ናቸው። የጽንሱ ጀርባና ጭንቅላት የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን አካባቢ ነው። ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳን ሳታውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ክኒኗ ከመፀነስ በፊት መጀመር አለባት፤ ከዚያ በኋላ የደረሰች እንደሆነ ባቡሩ ሄዷል። በፈረንጆች 1991 የታተመ በ7 አገሮች የተሠራ ጥናት አለ። ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ የነበራቸው እናቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ነገሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። እኔ ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

"የዓሣ ሥዕል ነበረው አልሽኝ" አሉ ጋሼ። "የዓሣ ጉበት ዘይት ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይኖረዋል። እሱ ደግሞ ሲበዛ ራሱ ጽንስ ያበላሻል።"

ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሠርቻለሁ። የሚጠብቃትን አስትቻታለሁ፤ ሊጎዳት የሚችለውን ፈቅጄላታለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስሟን አላውቅም። ስልኳን አላውቅም። የገዛችው ነገር ስላልነበር መዝገባችን ላይም የለችም። የማውቀው ጥቁር ሻርፕ ብቻ ነው፤ ደሴ ደግሞ በጥቁር ሻርፕ የተሞላ ከተማ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ መላ አመጡ። ቢጫዋን ለመፀነስ ለሚዘጋጁ ሴቶች የሚያዝዙ ሐኪሞች ብዙ አይደሉም። እየዞርን የእናቶች ክፍሎችን ጠየቅን። ሦስተኛው ቦታ ላይ አንዲት ነርስ ሁኔታዋን ስነግራት ወዲያው አወቀቻት። ስልኳን ስጪኝ ስላት ግን እምቢ አለች። "የታካሚ ነው፣ አልሰጥሽም። እኔው ደውዬ እጠይቃታለሁ" አለችኝ። ያን ጊዜ ተናድጄባት ነበር። አሁን ሳስበው ያን ሳምንት ሥራዋን በትክክል የሠራችው እሷ ነበረች።

ስልኩ ዝግ ነው። ረቡዕም ዝግ ነው። ሐሙስና ዓርብም እንደዚያው። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ነርሷ ጋ እሄዳለሁ፤ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ለካ ሴትዮዋ ማክሰኞ ዘመድ ሞቶባት መብራት የሌለበት ገጠር ለቅሶ ሄዳ ኖሯል። ቅዳሜ ማታ ቤቷ ስትመለስ ስልኩ ገባ። ነርሷ እንክብሉን እንድትተው፣ ቢጫዋን እንድትቀጥል ነገረቻት። ቀጥላም "ያቺ ልጅ ልታገኝሽ ትፈልጋለች" ብላ ስልኬን ሰጠቻት። ደወለችልኝ። ቤቷ ኮምቦልቻ ነው። "ነገ ቡና ጠጪ፣ ነይ" አለችኝ።

እሑድ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነው የሚነዳው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጉሙ እየሳሳ፣ ሙቀቱ እየመጣ፣ ሰው ጋቢውን እያወለቀ ሄደ። እኔ ግን እጄ እንደቀዘቀዘ ነበር።

ቤት ስገባ አማቷም ነበሩ። ስኒ ተደርድሯል፣ ቡናው ይቆላል። ከመቀመጤ በፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። በሰኞው ቀን ሳላነብ እንደመለስኩላት፣ ልጠይቃት ሲገባኝ እንዳልጠየቅኳት ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። ትንሽ ዝም አለችና "የመጀመሪያው ልጄ ጀርባው ክፍት ነበር" አለችኝ። "አራት ቀን ነው የቆየልኝ።" ከዚያ ቀና ብላ "ገና አልፀነስኩም፣ አብሽሪ" አለች። እኔን ነው የምታጽናናው።

ጠርሙሱን አመጣች። ይህን ጊዜ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ፦ ቫይታሚን ኤ ከዓሣ ጉበት ዘይት፣ በአንድ እንክብል 10,000 ዩኒት፣ በጠርሙሱ 100 እንክብል። ቡና ማቅረቢያው ትሪ ላይ ዘረገፍነው። ማር የመሰሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ለስላሳ እንክብሎች ናቸው። አምስት አምስት እያደረግኩ በጣቴ ቆጠርኩ። 88። ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን። አሥራ ሁለቱ የተዋጡት በእኔ ቃል ነው። ያን ትሪ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ለእርጉዝ ሴት ከእንስሳ ወይም ከእንክብል የሚገኘው ቫይታሚን ኤ በቀን ከ10,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም። እሷ ሃያ ሺህ ትወስድ ነበር። ይህ ቫይታሚን ከሽንት ጋር አይወጣም፤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። የስድስት ቀኑ ያን ያህል አያስፈራም። ወሩን ሙሉ ቀጥላ፣ በዚያው ብትፀንስ ኖሮ ነው የሚያስፈራው። በነገራችን ላይ የእንስሳ ጉበትም ያው ነው። መቶ ግራም የማይሞላ የበሰለ የበሬ ጉበት ከሁለቱ እንክብል የማይተናነስ ቫይታሚን ኤ አለው። ነፍሰ ጡር ሴት "ደም ይተካል" ተብሎ ጉበት በየቀኑ ሲቀርብላት ዝም ብዬ ማለፍ ያቆምኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በካሮትና በጎመን ያለው ግን ሌላ ነው። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል።

"እንግዲያ ተፈጥሯዊው መጥፎ፣ የፋብሪካው ጥሩ ነው ማለት ነው?" አለችኝ።

ይሄ ጥያቄ ከባድ ነበር፤ አዎ ብላት ሌላ ስህተት ነው። ቫይታሚን ሲ ከሎሚ ቢመጣ ከፋብሪካ ቢመጣ አንድ ነው። በፈረንጆች 1933 ሰዎች በላቦራቶሪ ሲሠሩት ያገኙት ያንኑ ሎሚ ውስጥ ያለውን ነው፤ ሰውነት መለየት አይችልም። ቫይታሚን ኢ ላይ ደግሞ ተፈጥሮ ይበልጣል። የፋብሪካው የስምንት ቅርጾች ድብልቅ ስለሆነ በሚዛን እኩል ቢሆን እንኳን ጉልበቱ ግማሽ ያህል ነው። ቫይታሚን ዲ ያለበት ክኒን አብዛኛው የሚሠራው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው። እንዲያውም ይሄን ስነግራቸው አማትየው ሳቁ፤ የወሎ በግ ስንት ነገር ይሰጣል አሉ። እሱን ተፈጥሯዊ እንበለው ወይስ የፋብሪካ?

ፎሊክ አሲድ ላይ ሲደርስ የፋብሪካው ያሸንፋል። ስሙ በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በ1941 ሰዎች ለይተው ያወጡት ከቆስጣ ዓይነት ቅጠል ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ግን ረጅም ጭራ አለው። አንጀት ጭራውን ቆርጦ ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይገባል። የክኒኑ ጭራ የለውም። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ከመቶ 85 ያህሉ ይገባል። በዚያ ላይ ደግሞ የእኛ ጎመን ድስት ላይ ብዙ ይቆያል፣ ውሃውም ይደፋል። ያ ቫይታሚን ሙቀት አይችልም፣ በውሃውም ይሄዳል።

"ምስርስ?" አሉ አማትየው።

"ምስር ጥሩ ነው እማማ። አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ምስር 350 ማይክሮግራም አካባቢ አለው። የቢጫዋን ክኒን ያህል፣ ማለትም 5,000 ማይክሮግራም ለማግኘት ግን በቀን አሥራ አራት ኩባያ ያህል መብላት ይኖርባታል። ያውም ሁሉም ከገባ ነው።"

"አሥራ አራት!" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ምስሩንም ጎመኑንም ትብላ። ክኒኗን ግን አይተኩላትም።"

ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጤና አዳም ጣል ተደርጎበታል። አማትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ሳላሳምናቸው ቀረሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው እንዲህ አሉ፦

"ጓያም እኮ አላህ ያበቀለው ነው። በክፉ ቀን እሱን እየበላን ስንቱ ጎረምሳ እግሩ ታስሮ ቀረ። ከመሬት መብቀሉ ብቻ ምን ይሠራል? ቢጫዋን ዋጪ።"

እኔ በአንድ ሰዓት ያልገለጽኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ጓያን አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ ሽባ እንደሚሆን እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። እሳቸው ሰዎቹን ያውቋቸዋል።

ጋሼ ባዘዙኝ መሠረት የወሰደችውን ነገርና መጠኑን በወረቀት ጽፌ ለሐኪሟ እንድትሰጥ ሰጠኋት። ሐኪሙም ቢጫዋን ሳታቋርጥ እንድትቀጥል፣ ለመፀነስ ጥቂት ወር እንድትታገስ ነገራት። የአሠሪዬንም ፈቃድ ጠይቄ ባንኮኒያችን ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ቫይታሚን ይዞ የሚመጣ ሰው ከወረፋው ወጣ ይልና ወንበር ይሰጠዋል። እድሜውን፣ እርግዝና መኖሩን፣ ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት ሳንጠይቅ መልስ አንሰጥም። ሰኞ ቀን ሰልፉ ይረዝማል። አንዳንዱ ያጉረመርማል። ይጉረምረም።

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሰኞ ነበር። ያ ጥቁር ሻርፕ ከወረፋው መካከል ታየኝ። ተራዋ ሲደርስ ሌላ ጠርሙስ አወጣች። እህቷ አሁንም ልካለች። ይህን ጊዜ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው ጀርባውን ወደ እኔ አዙራ ነው።

"ከኋላው አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ቫይታሚን ሲ ነው፣ 500 ሚሊግራም፣ ከፍራፍሬ የተገኘ። ከኋላዋ የቆመው ሰው ተነፈሰ። እስክጨርስ ማንበቤን ቀጠልኩ።

"ይሄኛው አይጎዳሽም። እኛ ጋ ካለው ርካሹም አይለይም። ቢጫዋስ?"

ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ ጥቅሉን አሳየችኝ። እስከ ዕለቱ ድረስ ያለው ሁሉ ተፈልቅቋል፤ አራት ፍሬ ቀርቷል።

"ሌላ ጥቅል ስጪኝ" አለች፤ "ሳያልቅ ልያዝ ብዬ ነው የመጣሁት።"