ከበሩ እስከ መሶቡ

ዛሬ ደብረ ብርሃን በጥቅምት ውርጭ ተሸፍና ስታነጋ፣ እኔም ያለ አንዳች ምክንያት ከፍቶኝ ነበር የተነሣሁት። ጋቢዬን ተከናንቤ እንደ ተቀመጥሁ አንድ የቆሎ ተማሪ ከደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ ባየው ደበሎው ከትከሻው ተንሸራቷል፤ አኩፋዳውን በደረቱ አቅፎ አንዱን እግሩን በሌላው እያሸ ያሞቃል። ዳቦ ላመጣለት ወደ መሶቡ ዞርሁ።

መሶቡን እንደ ከፈትሁ ግን አሳቤ ታይላንድና ላኦስ ገባ። በዚያ የቴራቫዳን ትውፊት የሚከተሉ የቡድሃ መነኮሳት በማለዳ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ይዘው በየሰፈሩ ያልፋሉ፤ የእኛ ተማሪ የእመቤታችንን ስም ይጠራል፣ እነርሱ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ይቆማሉ፤ በረከት አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለውም ሰጪው ነው። ምግባቸውን ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሰው እስከ ማግስቱ ንጋት እህል አይቀምሱም። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን እንበላለን፣ እነርሱ እስከ ስድስት ሰዓት በልተው ይጾማሉ። እማዬ ብትሰማ «ታዲያ ይኼ ምኑ ጾም ነው?» ማለቷ አይቀርም።

ቡድሃ የተባለው ጎታማ የሥቃይን ምንጭ «ታንሃ» ብሎታል፤ ጥማት ማለት ነው። ጥማቱ ሲነቀል ሥቃዩም እንደሚቀር፣ ለዚህም ከቀና አመለካከት እስከ ቀና ተመስጦ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ እንዳለ አስተምሯል። እስከዚህ ድረስ የገዳም አባቶቻችንም አንገታቸውን ሳይነቀንቁ አይቀሩም። ጸንታ የምትኖር ነፍስ የለችም ሲል ግን እለየዋለሁ፤ ነፍስ ከሌለች ዛሬ ጠዋት የከፋው ማን ነው? ማሃያና የተባለው የሌላው የቡድሃ እምነት ክፍል ተከታዮች ደግሞ ፍጥረት ሁሉ ሳይድን ብቻዬን አላርፍም ብሎ የተሳለውን ቦዲሳትቫ ያከብራሉ፤ በጃፓንና በቻይናም የሌላውን ቡድሃ፣ የአሚታባን ስም ደጋግመው እየጠሩ በንጹሕ ምድሩ ለመወለድ ተስፋ የሚያደርጉ አሉ፤ ስም ጠርቶ መማጠኑስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቲቤት መነኮሳት ግን ቀለም በገባ አሸዋ ለቀናት የሣሉትን ማንዳላ የተባለ ቅዱስ ሥዕል ሲጨርሱ ጠርገው ወንዝ ይጨምሩታል። እኔ አንዲት የተሰነጠቀች ሲኒ ለመጣል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዳቦውን ይዤ ስወጣ ደጁ ባዶ ነበር፤ የልጁ ድምፅ ከታችኛው ሰፈር ይሰማል። ቆሜ ጥቂት አመነታሁና ዳቦውን ራሴ በላሁት። ጽጌን ልጾም ተስዬ ነበር፤ ሰዓቱ ግን ገና ሁለት ተኩል ስለ ነበር በቴራቫዳው ሥርዓት አልተሳሳትሁም።